የቦሎቄ ዝንብና ወገኑ፦ አመዳደቡ፣ ስርጭቱና ለአምራቹ ያለው ትርጉም

(በዩኒየኑ የምስረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በበዓል ቀን ስለ ዝንብ መናገር ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊሆንበት ይችላል። ይሁን እንጂ የዩኒየኑ መጋዘን በቦሎቄ መሙላት አለመሙላቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ሰብሉ ገና ቡቃያ ሳለ ነው። ከተዘራ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ጠውልጎ ቢወድቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥሩ ዝናብም ሆነ ጥሩ ገበያ ለአምራቹ ምንም አይፈይድም። ለዚህ ጥፋት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ደግሞ ከሁለት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ብዙም የማትበልጥ፣ ጥቁርና አንጸባራቂ የሆነች ትንሽ ዝንብ ናት።

ችግሩ ዝንቧ አለመታወቋ ብቻ አይደለም። ዝንቧ አንድ ዓይነት ብቻ መስላ መታየቷም ሌላው ችግር ነው። እውነታው ግን በኢትዮጵያ የቦሎቄ ማሳ ውስጥ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በጠባይ ግን የሚለያዩ ሦስት ዝርያዎች ይገኛሉ። ሦስቱም የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ይህን ወገን ማወቅ፣ ዝርያዎቹን መለየትና የት የት እንደሚገኙ መረዳት ለሊቃውንት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። አርሶ አደሩ መቼ እንዲዘራ፣ የልማት ሠራተኛው የተክሉን የትኛውን ክፍል እንዲመረምር፣ ዩኒየኑም ዘር መቼ እንዲያደርስ የሚወስን ዕውቀት ነው።

1. ዝንቡ የማን ወገን ነው?

በገጠሩ ኅብረተሰብ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ስሙ፣ አባቱ፣ ከዚያም ጎሳው ይነገራል። የነፍሳት ሊቃውንትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ነፍሳት ዝርያ አለው፤ የሚቀራረቡ ዝርያዎች በአንድ ወገን ይሰበሰባሉ፤ የሚቀራረቡ ወገኖች ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ይጠቃለላሉ።

የቦሎቄ ዝንብ የሚገኝበት ወገን ኦፊዮሚያ ይባላል። ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ሲሆን ትርጉሙ "የእባብ ዝንብ" ማለት ነው። ወገኑ ከሌሎች ተለይቶ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ የሚጠቃለለውም አግሮሚዚዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እስከ አሁን ወደ 3000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የአብዛኞቹ ጠባይ ተመሳሳይ ነው፤ እጮቻቸው ከውጭ ሆነው ቅጠል አይበሉም፤ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ወይም በግንዱ ቆዳ ሥር ገብተው እየቦረቦሩ ይሄዳሉ። በቲማቲምና በባቄላ ቅጠል ላይ የተጠማዘዘ ነጭ መስመር የሚተወው ሊሪዮሚዛም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በጤፍና በማሽላ ቡቃያ ላይ የሚታየው የቡቃያ ዝንብ ግን አቴሪጎና ከተባለ ሌላ ወገን ነው፤ እርሱ የሚመደበው ከተራው የቤት ዝንብ ጋር ሲሆን ከቦሎቄው ዝንብ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። በመሆኑም "የቡቃያ ዝንብ ነው" ተብሎ ለአንዱ የተነገረውን ምክር ለሌላው መጠቀም ስህተት ላይ ይጥላል።

በኦፊዮሚያ ወገን ውስጥ ያሉት ሁሉ የአርሶ አደር ጠላቶች አይደሉም። ኦፊዮሚያ ላንታኔ የተባለው ዝርያ የሚኖረው በተለምዶ የወፍ ቆሎ በሚባለው ወራሪ ቁጥቋጦ ፍሬ ላይ ነው። ቁጥቋጦው የሃዋይ ደሴቶችን የግጦሽ መሬት በወረረ ጊዜ፣ ይህ ዝንብ እ.ኤ.አ. በ1902 ከሜክሲኮ ሆን ተብሎ ወደዚያ ተወስዶ ተለቋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የወገን ስም ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። አንዱ ወንድም ጠላት ሲሆን ሌላው ረዳት ሊሆን ስለሚችል እስከ ዝርያው ድረስ መለየት ያስፈልጋል።

2. የአመዳደቡ ታሪክ፦ አንድ ስም ለሦስት ዝንብ

የቦሎቄ ዝንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተገለጸው በአፍሪካ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1895 በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ መንግሥት የነፍሳት ባለሙያ የነበሩት ሄንሪ ትራዮን ናቸው ዝንቡን ገልጸው "ፋሴዮሊ" የሚል ስም የሰጡት። ቃሉ ከቦሎቄ የሳይንስ ስም የተወሰደ ነው። ከዚያ በኋላ ይኸው ዝንብ ስሙ በተደጋጋሚ ተለዋውጧል። በመጀመሪያ ኦሲኒስ በተባለው ወገን ገባ፤ ቀጥሎ አግሮሚዛ፣ ከዚያም ሜላናግሮሚዛ ተባለ፤ በመጨረሻ ኦፊዮሚያ ፋሴዮሊ ሆነ። ስለዚህ በድሮ መጻሕፍት ውስጥ በእነዚህ ስሞች የሚገኘው ጽሑፍ ሁሉ ስለ አንድ ዝንብ የሚናገር ነው።

ሁለተኛው ዝርያ ኦፊዮሚያ ሴንትሮሴማቲስ ነው። ይህን የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1940 ደች የነበሩት የነፍሳት ሊቅ ደ ሜየሬ ሲሆኑ ናሙናው የተገኘው በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴት ነው።

ለኢትዮጵያና ለጎረቤቶቿ ትልቅ ትርጉም ያለው ግን ሦስተኛው ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በምሥራቅ አፍሪካ የቦሎቄ ቡቃያ ሲደርቅ ጥፋቱ በአብዛኛው ለፋሴዮሊ ይሰጥ ነበር። በዩጋንዳ ካዋንዳ የምርምር ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ዴቪድ ግሬትሄድ ከተለያየ ከፍታ የተሰበሰቡትን ዝንቦች በጥንቃቄ ሲመረምሩ፣ አንድ ነው የተባለው ዝንብ አንድ አለመሆኑን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት ጥናት አዲሱን ዝርያ ገልጸው፣ የዚህን ቤተሰብ ዝንቦች በዓለም ዙሪያ ለብዙ ዓመታት ባጠኑት በእንግሊዛዊው ኬኔት ስፔንሰር ስም "ስፔንሰሬላ" ብለው ሰየሙት። ስፔንሰርም በተራቸው እ.ኤ.አ. በ1973 በሰብል ላይ ጉዳት የሚያደርሱትን የአግሮሚዚዴ ዝንቦች ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አቀረቡ።

እንግዲህ ከ1895 እስከ 1969 ድረስ 74 ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ በደጋማው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል የሚኖር አርሶ አደር ቦሎቄውን የሚያወድምበት ዝንብ የራሱ ስም አልነበረውም። ስም የሌለው ጠላት ደግሞ የተለየ መከላከያ አይበጅለትም።

በኢትዮጵያ ሦስቱም ዝርያዎች መኖራቸው ተረጋግጧል። በዚህ ረገድ ዶ/ር ፀደቀ አባተ በ1980ዎቹ ያካሄዱት ምርምር ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ያጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸውም የቦሎቄን ዝንብ በኢትዮጵያ እንዴት መከላከል እንደሚቻል የሚያጠና ነበር።

3. ሦስቱን በማሳ ላይ እንዴት መለየት ይቻላል?

የሦስቱም ዝንቦች ርዝመት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱም ጥቁርና አንጸባራቂ ናቸው። የበረረውን ዝንብ በዓይን አይቶ ዝርያውን መናገር አይቻልም፤ ባለሙያም ቢሆን የወንዱን የመራቢያ አካል በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልገዋል። ሆኖም ማይክሮስኮፕ ለሌለው አርሶ አደርና የልማት ሠራተኛ ሁለት መለያዎች አሉ።

የመጀመሪያው መለያ የቅርፊቱ ቀለም ነው። እጩ በልቶ ከጨረሰ በኋላ በግንዱ ግርጌ፣ በቆዳው ሥር፣ ትንሽ የገብስ ፍሬ በሚመስል ቅርፊት ውስጥ ይተኛል፤ በዚያም ወደ ዝንብነት ይለወጣል። የጠወለገውን ቡቃያ ነቅሎ ከአፈሩ ወለል አካባቢ ያለውን ቆዳ በጥፍር ወይም በምላጭ ገለጥ በማድረግ ቅርፊቱን ማየት ይቻላል።

ሀ) ቅርፊቱ ፈዛዛ ቡናማ ወይም የገለባ መልክ ያለውና ጫፎቹ ጠቆር ያሉ ከሆነ ፋሴዮሊ ነው።
ለ) ቅርፊቱ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ስፔንሰሬላ ነው።
ሐ) ቅርፊቱ ወደ ብርቱካናማ ቀይ የሚያደላ ከሆነ ሴንትሮሴማቲስ ነው።

ለማየት የሚመረጠው ዝንቡ ገና ያልወጣበት ሙሉ ቅርፊት እንጂ ባዶው አይደለም።

ሁለተኛው መለያ እንቁላሉ የሚጣልበት ቦታ ነው። ፋሴዮሊ እንቁላሏን የምትጥለው በአብዛኛው መጀመሪያ በሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ላይኛ ገጽ፣ ወደ ቅጠሉ እጀታ ቀረብ ብላ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቅጠሎች ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ብዙ ፈዛዛ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ስፔንሰሬላና ሴንትሮሴማቲስ ግን ቅጠሉን ትተው እንቁላላቸውን በቀጥታ የሚያስገቡት በቡቃያው ግንድ ውስጥ ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ትልቅ ትርጉም አለው። ቅጠል ብቻ የሚመለከት ሰው ነጠብጣብ ካላየ "ማሳው ደህና ነው" ብሎ ይሄዳል። ስፔንሰሬላ በሚበዛበት ማሳ ግን ቅጠሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ግንዱ ውስጥ እጭ ሊኖር ይችላል። በመሆኑም በደጋማ አካባቢ የሚሠራ የልማት ሠራተኛ ከቅጠሉ ይልቅ ግንዱን ቢመረምር ይሻላል።

4. ስርጭት፦ ማን የት ይገኛል?

ስለ ስርጭት ከመናገር በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በድሮዎቹ የነፍሳት መጻሕፍት ውስጥ "የኢትዮጵያ ክልል" የሚል አነጋገር በብዛት ይገኛል። ይህ ኢትዮጵያን ብቻ ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ የእንስሳት ስርጭት ሊቃውንት ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ያለውን አፍሪካ በሙሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር፤ በአሁኑ ጊዜ አፍሮትሮፒካል ክልል ይባላል። አንድ ዝንብ "በኢትዮጵያ ክልል ይገኛል" ተብሎ ስለተጻፈ በምሥራቅ ሸዋ ወይም በወላይታ አለ ብሎ መደምደም አይቻልም። ያ የሚታወቀው እዚያው ማሳ ላይ በመመርመር ነው።

ከሦስቱ በጣም ሰፊ ስርጭት ያለው ፋሴዮሊ ነው። በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በአውስትራሊያና በፓስፊክ ደሴቶች ይገኛል። ከቦሎቄ በተጨማሪ ማሾን፣ ኮውፒንና አኩሪ አተርን ያጠቃል። ሴንትሮሴማቲስ በእስያና በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኝ ሲሆን በአፍሪካ ከሁለቱ ይልቅ ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ስፔንሰሬላ ግን የአፍሪካ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የቦሎቄ የትውልድ ቦታ አፍሪካ አይደለም፤ የመጣው ከላቲን አሜሪካ ነው። ስፔንሰሬላ ደግሞ ከአፍሪካ ውጭ አይታወቅም። ስለዚህ ይህ ዝንብ ቦሎቄ ከመምጣቱ በፊት በአገር በቀል የጥራጥሬ ዘመዶች ላይ ይኖር እንደነበርና በኋላ ወደ አዲሱ ሰብል እንደተሻገረ መገመት ይቻላል። በሌላ በኩል በቦሎቄ የትውልድ አህጉር የቦሎቄ ዝንብ የሰብሉ ችግር ሆኖ አይታወቅም። ከዚያ የሚመጣ ዝርያ በምርቱ የቱንም ያህል ቢመሰገን ይህን ዝንብ አይቶት አያውቅም ማለት ነው። አዲስ የቦሎቄ ዝርያ በአገር ውስጥ፣ ዝንቡ ባለበት ማሳ፣ ሳይሞከር ለብዙ አባላት እንዳይከፋፈል የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአህጉር ወደ አካባቢ ሲወረድ ስርጭቱን የሚወስነው ከፍታና ሙቀት ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በተደረጉ ጥናቶች የታየው ሥርዓት ይህ ነው፦ ሞቃትና ዝቅ ባለ አካባቢ ፋሴዮሊ ይበዛል፤ ቀዝቀዝና ከፍ ባለ አካባቢ ስፔንሰሬላ ይበዛል። በሩዋንዳና በቡሩንዲ ደጋማ ቦታዎች ዋናው ጠላት ስፔንሰሬላ ነው። በኢትዮጵያ ቦሎቄ በአብዛኛው የሚመረተው ከባሕር ወለል በላይ ከ1200 እስከ 2000 ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፣ ይህ ሁለቱም ሊኖሩ የሚችሉበት ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ ቆላማው ቀበሌና ወይና ደጋው ቀበሌ የተለያየ ዝርያ ሊበዛባቸው ይችላል። ለወረዳው በሙሉ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት የማይበቃውም ለዚህ ነው።

5. ኑሮውና ጉዳቱ

እንቁላሉ ከተጣለ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። በቅጠል ላይ የተፈለፈለው እጭ በቅጠሉ እጀታ በኩል ወደ ግንዱ ይገባል፤ በግንዱ ውስጥ የተፈለፈለው ደግሞ ከዚያው ይጀምራል። ሁለቱም ከቆዳው ሥር ያለውን ምግብ ማስተላለፊያ እየበሉ ወደ ታች፣ ወደ ሥሩ መነሻ ይወርዳሉ። ከእንቁላል እስከ ዝንብ ያለው ዕድገት በሞቃት አካባቢ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ አካባቢ ከዚያ ይረዝማል።

በዚህ ጊዜ የግንዱ ግርጌ ያብጣል፤ ከዚያም ይሰነጠቃል። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ። ቡቃያው ትንሽ ከሆነ ይሞታል። ጠንከር ያለ ከሆነ ከተጎዳው ቦታ በላይ አዳዲስ ሥሮች አውጥቶ ሊተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ይቀጭጫል፤ የሚይዘውም ቆባ ጥቂት ነው። በተሰነጠቀው ቁስል በኩል ደግሞ ሥር አበስባሽ በሽታ ይገባል። ጉዳቱ በጠናበት ማሳ ቡቃያው በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

አርሶ አደሩ ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሌላ ነው። ዝናብ ቆርጦ ከነበረ "ፀሐይ መታው" ይላል። ዝናብ በዝቶ ከነበረ "ውሃ ተኛበት" ይላል። ሌላው "መሬቱ ደክሟል" ይላል። ሁሉም ሊያጋጥሙ የሚችሉ በመሆናቸው ግምቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ግንዱ ተገልጦ ካልታየ በስተቀር እውነተኛው ምክንያት አይታወቅም። ቡቃያው ጠውልጎ ከታየ በኋላ በቅጠሉ ላይ መድኃኒት መርጨትም የሚያተርፈው ነገር ጥቂት ነው፤ እጩ ያለው በግንዱ ውስጥ ስለሆነ ርጭቱ አያገኘውም። የሚባክነው የመድኃኒቱ ገንዘብ ብቻም አይደለም፤ ረዳት የሆኑ ነፍሳትም ይሞታሉ።

6. የማይታዩት ረዳቶች

የቦሎቄ ዝንብ የራሱ ጠላቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀችው ኦፒየስ ፋሴዮሊ የተባለች ጥቃቅን ተርብ ናት። ተርቧ እንቁላሏን በዝንቡ እጭ ውስጥ ትጥላለች፤ በመጨረሻ ከቅርፊቱ የሚወጣው ዝንብ ሳይሆን ተርብ ይሆናል።

የዚህች ተርብ ዋጋ የታየው ከአፍሪካ በጣም ርቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የቦሎቄ ዝንብ በሃዋይ ደሴቶች ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1969፣ ኦፒየስ ፋሴዮሊና ሌላ አንዲት ዘመዷ ከምሥራቅ አፍሪካ ተወስደው በዚያ ተለቀቁ። ሁለቱም ለመዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የዝንቡ ጉዳት በእጅጉ ቀነሰ።

ታዲያ ተርቧ በምሥራቅ አፍሪካ እያለች ዝንቡ እዚህ ለምን አልጠፋም? አንዱ ምክንያት እጩ በተርብ ቢጠቃም በልቶ እስኪጨርስ ድረስ መቆየቱ ነው። የተርቧ ጥቅም የሚታየው በሚቀጥለው የዝንብ ትውልድ ላይ እንጂ አሁን በበቀለው ቡቃያ ላይ አይደለም። ስለዚህ ተርቧ ብቻዋን አትበቃም፤ የአርሶ አደሩ የዘር ወቅት አጠባበቅ ያስፈልጋታል። ቢያንስ ግን ያለ ምክንያት በሚረጭ መድኃኒት አለመግደል ይቻላል።

7. ምን ይደረግ?

ሀ) በአርሶ አደሩ ደረጃ

አንደኛ፣ በወቅቱ መዝራት። ዝንቡ በመጀመሪያ በተዘሩት ማሳዎች ላይ ተራብቶ ወደ ኋለኞቹ ይሻገራል። ስለዚህ ዘግይቶ የዘራ አርሶ አደር የጎረቤቶቹን ማሳ ዝንብ ሁሉ ይቀበላል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ እንደተስተካከለ መዝራት፣ በተቻለ መጠንም ጎረቤታሞች ተቀራርበው እንዲዘሩ ማድረግ ይጠቅማል። በልግና መኸር ሁለቱንም በሚዘሩት እንደ ሲዳማና ወላይታ ባሉ አካባቢዎች የበልጉ ማሳ ለመኸሩ የዝንብ ማራቢያ እንዳይሆን፣ ምርቱ እንደተሰበሰበ ቅሪቱንና በራሱ የበቀለውን ቦሎቄ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ አፈር ማስታቀፍ። ቡቃያው በበቀለ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በመጀመሪያው ኩትኳቶ ጊዜ አፈሩን ወደ ግንዱ ማስጠጋት ተክሉ ከቁስሉ በላይ አዲስ ሥር እንዲያወጣ ይረዳዋል። ዋጋው ጉልበት ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ተክሉን ማጠናከር። ፍግ፣ ኮምፖስት ወይም በምክር የተወሰነ ማዳበሪያ ያገኘና እርጥበቱ በጉዝጓዝ የተጠበቀለት ቡቃያ ዝንቡን ባያባርርም ጉዳቱን ይችላል።

አራተኛ፣ ዘርን በመድኃኒት ማሸት። የመከላከያ መድኃኒት ጥቅም የሚሰጠው በዘሩ ላይ ሲሆን እንጂ ከጠወለገ በኋላ አይደለም። ሆኖም ቀድሞ ለዚህ ሥራ ይውል የነበረው ኢንዶሰልፋን በአደገኛነቱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2011 በስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ በተወሰኑት ውስጥ ገብቷል። ከእርሱ በኋላ የተለመደው ኢሚዳክሎፕሪድም ንብን ስለሚጎዳ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 በሜዳ ላይ እንዳይሠራበት ከልክሏል። ስለዚህ የተመዘገበ መድኃኒት ብቻ፣ በባለሙያ ምክርና በተገቢው መጠን መጠቀም ግዴታ ነው። በመድኃኒት የታሸ ዘር ተርፎ ቢገኝ ለምግብም ለከብትም መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

ለ) በመሠረታዊ ማኅበራትና በልማት ጣቢያ ደረጃ

ቡቃያው በበቀለ በሦስተኛው ሳምንት በእያንዳንዱ ቀበሌ ጥቂት ማሳዎችን መርጦ መመርመር ይቻላል። በአንድ ማሳ ከአምስት ቦታ አሥር አሥር ቡቃያ አይቶ፣ የጠወለጉትን ነቅሎና ግርጌያቸውን ገልጦ፣ ስንቱ ቅርፊት እንደተገኘበትና የቅርፊቱ ቀለም ምን እንደሆነ መመዝገብ ነው። የቀበሌው ስም፣ ከፍታው፣ የተዘራበት ቀንና የቦሎቄው ዝርያ አብሮ ይጻፋል። ሜክሲካን 142 የዘራና አዋሽ-1 የዘራ ጎረቤታሞች ካሉ ለየብቻ ይመዝገቡ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ምላጭ፣ እርሳስና ደብተር ነው። ማጉያ መነጽር ከተገኘ መልካም ነው።

ይህ ምዝገባ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ከቀጠለ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ የዝንብ ካርታ ይኖረዋል። የትኛው ቀበሌ ጥቁር ቅርፊት፣ የትኛው ፈዛዛ ቅርፊት እንደሚበዛበት ይታወቃል። አጠራጣሪ የሆነውን ናሙና በአልኮል አድርጎ የቆላ ጥራጥሬ ምርምርን ለሚያስተባብረው ለመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል።

ሐ) በዩኒየኑና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደረጃ

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። አርሶ አደሩ በወቅቱ እንዲዘራ ሲመከር ዘሩና ማዳበሪያው በእጁ መኖር አለበት። ዘሩ በሰኔ አጋማሽ መድረስ ሲገባው በሐምሌ ማገባደጃ ቢደርስ፣ አርሶ አደሩ በሌላ ወገን መዘግየት ምክንያት ለዝንቡ ተላልፎ ይሰጣል። ከዚያም ምርቱ ሲያንስ የዘር ብድሩ ይቀርበታል ማለት አይደለም። ዝንቡ የግዥ ኮሚቴ ስብሰባን፣ የትራንስፖርት ጨረታንና የፊርማ ሰንሰለትን አይጠብቅም። የዘር ግዥና ስርጭት የጊዜ ሰሌዳ በሚወጣበት ጊዜ የዝንቡም የጊዜ ሰሌዳ አብሮ በጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

በተጨማሪም ዩኒየኑ ዘር ሲመርጥ የገበያውን ፍላጎት ብቻ ሳይሆን በየቀበሌው የተመዘገበውን የቡቃያ ጉዳት ጭምር ቢመለከት፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትም ለቆላውና ለወይና ደጋው የተለያየ ምክር ቢያዘጋጅ፣ ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ወረቀት ላይ ከመቅረት ይድናል።

8. ማጠቃለያ

ኦፊዮሚያ ፋሴዮሊ፣ ኦፊዮሚያ ስፔንሰሬላና ኦፊዮሚያ ሴንትሮሴማቲስ የሚሉት ስሞች ለጆሮ ይከብዱ ይሆናል። በቃል ማጥናትም አያስፈልግም። ፈዛዛ፣ ጥቁር እና ቀይ ቅርፊት ብሎ መያዝ ይበቃል። ሊቃውንቱ 74 ዓመት የፈጀባቸውን ልዩነት ዛሬ አንድ አርሶ አደር በማሳው ዳር ቆሞ በጥፍሩ ገልጦ ሊያየው ይችላል። ካየው በኋላ ፀሐይን ወይም መሬቱን አይወቅስም፤ ዋጋ የሌለው ርጭትም አይገዛም፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚዘራበትን ቀን ግን ያስተካክላል።

ዩኒየኑ የተቋቋመው አንድ አርሶ አደር ብቻውን የማይችለውን በጋራ ለመቻል ነው። ይህ ዝንብም ከማሳ ወደ ማሳ ስለሚሻገር ብቻውን በሚሠራ ሰው አይሸነፍም። አንዱ በወቅቱ ዘርቶ ሌላው ቢዘገይ፣ አንዱ ቅሪቱን አስወግዶ ሌላው ቢተው ዝንቡ መጠለያ አያጣም። ተቀራርቦ በወቅቱ መዝራትና ማሳን በጋራ መመርመር እንደ ዘር ግዥና እንደ ምርት ሽያጭ ሁሉ የኅብረት ሥራ አንድ ክፍል ሆኖ ሊቆጠር ይገባዋል።

መልካም የምስረታ በዓል! መጪው የምርት ዘመን የጥጋብ ይሁን!